ሁለት የልጅ ወንበር የሚይዝ መኪና

አሰበ ተፈሪ ውስጥ ለአንድ ሰው መኪና ሊመጣለት ነው ከተባለ፣ መኪናው ገና ባሕር ላይ ሳለ ከተማው በሙሉ በሐሳቡ ተሳፍሮበታል። ማን ፊት እንደሚቀመጥ፣ ማን ከኋላ እንደሚጨናነቅ ሁሉ ይታወቃል። የጎበዜ መኪናም እንደዚያው ነበረች። ጎበዜ የአውራጃው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ከመንዝ ተዛውሮ መጥቶ እዚያው ወልዶ የቀረ። ታናሽ እህቱ አይናዲስ ስዊድን አገር፣ ጎተቦርግ በምትባል የወደብ ከተማ ትኖራለች፤ እሷ ሆስፒታል ትሠራለች፣ ባሏ ይልቃል መርከብ ይበይዳል። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳር ልጅ አላገኙም። ደብዳቤዎቻቸውን ያነበበ ሰው ስለ መኪና ብቻ የተጻፉ ሊመስሉት ይችላሉ። እነሱም እንደዚያ እንዲመስል ብዙ ደክመዋል።

*

አሰበ ተፈሪ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለአይናዲስ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ሁሉ ተሻግሮ፣ የናንተ አገር በረዶ ሳያቀዘቅዘው እንዲደርስሽ እመኛለሁ። ይልቃልን ሰላም በይልኝ። እኔ፣ ሣህሊቱና ልጃችን ነጋሽ፣ የእናታችን አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ይህን ቆመሽ እንደሆነ የምታነቢው አሁን ቁጭ በይ። ሣህሊቱ በመስቀል ማግስት በሰላም ተገላገለች። አንድ ስንጠብቅ ሁለት መጡ! ወንዱን ኃይለየሱስ፣ ሴቷን ማሚቱ ብለናቸዋል። ወንዱ ቁጡ ነው። ሴቷ እንቅልፋም ናት፤ ጡት አፏ ውስጥ እያለ ታንቀላፋለች።

እናታችን የተናገረችውን አልረሳሁም። የሞተች ለት እጄን ይዛ፣ «ከእንግዲህ ሣህሊቱ የምትወልደው የአይናዲስ ነው፤ ልጄ ባዶ ቤት አትቅርብኝ» ስትል፣ ሣህሊቱ እግሯን እያጠበችላት እዚያው ነበረች። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ምራት በሞት አፋፍ ላለች አማቷ ምን ትመልሳለች? እኛም ተስማምታለች ብለን ይዘነዋል። እኔ በበኩሌ ቃሌን አላጥፍም፤ መጥታችሁ ውሰዱ።

ስትመጡ መኪና ይዛችሁ እንደምትመጡ፣ ስትመለሱም ለኔ ትታችሁልኝ እንደምትሄዱ የጻፍሽውን ለአብዶ ነገርኩት። አብዶ በገለምሶ መንገድ ላንድሮቨር የሚነዳው ወዳጄ ነው። ሰምቶ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ኦቦ ጎበዜ፣ ወላሂ ትንሽ እንዳይልኩብህ! ትንሽ መኪና እዚህ አገር ለሙሽራ ፎቶግራፍ ብቻ ነው የምትሆነው። ሆዷ ሰፊ ትሁን በላቸው» አለኝ። እኔም ይኸው አልኩሽ።

ወንድምሽ ጎበዜ

*

ጎተቦርግ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሼ ጎበዜ፤

ጤናዎ፣ ቤትዎ፣ የወጡበት የገቡበት ሁሉ ይባረክ። ሣህሊቱን እንኳን ማርያም ማረችሽ በሉልኝ። ደብዳቤዎን ሆስፒታል ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ከፍቼ እልል ብል፣ ስዊድኖቹ አደጋ መስሏቸው አልጋ እየገፉ መጡ። አንዷ ነርስ ምንድን ነው ብትለኝ «ወለድኩ!» አልኳት። ሆዴን አየችና አልጋዋን እየገፋች ተመለሰች።

ስለ መኪናው አሁን በቁም ነገር እንነጋገር። እዚህ አገር ልጅ በመኪና ሲሄድ በእቅፍ መያዝ እየቀረ ነው። አዲስ የመጣ የልጅ ወንበር አለ፤ ከመኪናው መቀመጫ ጋር በጠፍር ይታሠራል፣ ልጁ ደግሞ ውስጡ ገብቶ በቀበቶ ይያዛል። የሚገርመው ፊቱን ወደ መንገዱ አያዞሩትም፤ ወደ ኋላ እያየ ነው የሚሄደው። መኪናው ድንገት ሲቆም አንገቱ እንዳይቀጭ ነው ይላሉ። ሆስፒታላችን የሚመጡትን ሕፃናት ስለማይ አምናቸዋለሁ። ከእናንተ ዘንድ እስከ ሚኤሶ ያለው ቁልቁለት፣ ቦርደዴ ላይ መንገድ የሚያቋርጠው ግመል ሁሉ ዓይኔ ላይ አለ። ልጆቹን ይዘን አዲስ አበባ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ስንሄድ በእቅፍ አላደርገውም።

ይልቃል የሦስት መኪና ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፏል። አንደኛዋ ክብ ጀርባ ያላት ትንሿ ናት። ዋጋዋ ደግ ነው፤ ግን በሯ ሁለት ብቻ ስለሆነ ልጅ አስገብቶ እስኪያስሩ ወገብ ይቆረጣል። ሁለተኛዋ አራት በር አላት፤ ሁለት የልጅ ወንበር ከገባባት ግን መሐል ላይ ድመት እንኳ አትቀመጥም። ሦስተኛዋ ስቴሽን ዋገን የሚሏት ናት፤ ጀርባዋ እንደ አዳራሽ ረዝሟል፣ ከኋላ እስከ ታች የሚደርስ መስተዋት አላት። ሜትር ይዤ ሄጄ መቀመጫዋን ለካሁ። አንዱ ወንበር በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ እኔ መሐል። ሻጩ «ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው?» አለኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። «ሦስተኛ ወራቸውን ይዘዋል» አልኩት፣ እንደ ወላድ።

ሁለት ወንበር እያልኩ መጻፌን ሳያስተውሉት አይቀሩም። እናታችን አንድ ነው ያለችው። ግን ጋሼ፣ መንታ እንዴት ይነጠላል? ሣህሊቱ ገና ወጣት ናት፣ ነጋሽም አለላት። ሁለቱንም ብትሰጡኝ ምን ይመስልዎታል?

ወንበሩ በልክ ስለሆነ፣ ከመቀመጫቸው እስከ ትከሻቸው ያለውን በገመድ ለክታችሁ ገመዱን በፖስታ ላኩልኝ።

እህትዎ አይናዲስ

*

አሰበ ተፈሪ፣ መጋቢት 21 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአይናዲስ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ፤ ይልቃልን ከእሳቱ ይጠብቅልሽ። እኛ ደህና ነን። መንትዮቹ ጥርስ ሊያወጡ ነው፣ ቤቱ ጩኸት ብቻ ሆኗል።

የልጅ ወንበሩን ነገር ለሣህሊቱ አነበብኩላት። «ልጄን እንደ ሌባ አስረው፣ ፊቱንም አዙረው?» ብላ ጡቷን ከኃይለየሱስ አፍ አስጥላ አየችኝ። ጎረቤታችን ረዲያ ደግሞ በአጥር በኩል ሰምታ፣ «ያ አላህ! እዚያ አገር ሴቱ ሁሉ እቅፍ የለውም እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ሳይንስ መሆኑን አስረድቻለሁ።

ሁለቱን ስላልሽው ይሁን። መንታ መለየት ኃጢአት ነው።

የላክሽውን የመኪኖቹን ሥዕል አብዶ አየው። ከሦስተኛዋ ላይ ዓይኑን መንቀል አቅቶት ነበር። «ይቺ ከኋላ ስንት ሰው ትጭናለች?» አለኝ። ሦስት ነው የሚለው ብለው፣ «ሦስት የስዊድን ነው። በገለምሶ ልክ አምስት፣ በገበያ ቀን ሰባት ነው» አለ። የሚያስቸግረው የልጅ ወንበሮቹ ነገር ነው፤ ሁለቱ ገብተው ከተበየዱ የመንገደኛ ቦታ ይበሉብናል። ስለዚህ ተፈትተው የሚወጡ መሆናቸውን አረጋግጪ። ጣሪያዋ ላይ ዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ እንዳይረሳ። ባሌስትራው ወፍራም ይሁን፣ የኛን መንገድ ታውቂዋለሽ። ከቻላችሁም ከኋላ በግራና በቀኝ አግዳሚ ቢሠራባት ጥሩ ነው፤ ይልቃል ብረት ስለሚያውቅ አይከብደውም።

ገመዶቹን ልኬያለሁ። ቀዩ የኃይለየሱስ፣ ነጩ የማሚቱ ነው። ሣህሊቱ ናት የለካቻቸው።

ወንድምሽ ጎበዜ

*

ጎተቦርግ፣ ግንቦት 20 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለጋሼ ጎበዜ፤

ትንሣኤውን በደህና ያሳለፈዎ አምላክ ለከርሞውም ያድርስዎ።

ገመዶቹ ደርሰውኛል፤ ግን አልገባኝም። ይዣቸው ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ቀዩን ዘርግቶ አየው፣ አጥፎ አየው፣ ከዚያ «ይህ ልጅ ወታደር ቤት አልገባም?» አለኝ። የስድስት ወር ሕፃን ከመቀመጫ እስከ ትከሻ እንዲህ አይረዝምም። ሁለቱም ገመዶች ደግሞ እኩል ናቸው፤ በፀጉር እንኳ አይበላለጡም። መንታ ቢሆኑም ወንድና ሴት ናቸው። ተሳስታችሁ ይሆን?

ፎቶግራፍም ላኩልኝ፤ ሁለቱንም ከእናታቸው ጋር።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ልጆቹ ከተወለዱ ጀምሮ ስንጻጻፍ ስለ ሣህሊቱ የሚነግሩኝ ስለ ወንበሩ ያለችውን ብቻ ነው። ስለ ልጆቹ ያለችውን አንድ ቀን አልጻፉልኝም። ቁጭ ብለው ይጠይቋት። «አይናዲስ ልጆቹን ልትወስድ ነው፤ አንቺ ምን ትያለሽ?» ብለው ይጠይቁና ያለችውን እንዳለ፣ ምንም ሳይቀንሱ ይጻፉልኝ። ክፉ ቃል ቢሆንም እችለዋለሁ።

ስለ አግዳሚው ይልቃል «መጀመሪያ ልጆቹን እናድርስ» ብሏል።

እህትዎ አይናዲስ

*

አሰበ ተፈሪ፣ ጥር 14 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአይናዲስ፤

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰሽ። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት ነበር፤ ከዚያ መዝገብ ቤቱ ቆጠራ ያዘ፤ ከዚያ እኔን ወባ ጣለኝ። እንዲሁ ስል ስምንት ወር አለፈ። በጋዜጣ እንዳየሁት የናንተ አገር መኪናውን ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረ አሉ። እኛ ቀድመን የጨረስነው ነው! አብዶ «ሾፌር እንላክላቸው ይሆን?» እያለ ሲስቅ ነው የከረመው።

የገመዱን ነገር ደረስኩበት። ሣህሊቱን ባፋጥጣት ሳታፍር «የማሽላ ስልቻ ነው የለካሁት» አለችኝ።

«ሁለቱንም?»

«አንዱን ስልቻ ሁለት ጊዜ።»

«ለምን?»

«በገመድ የሚለካ ሬሳ ነው። ልጄን አልለካም» ብላኝ ወጣች። እንግዲህ በስልቻ ልክ ወንበር እንዳትገዢ! እኔ ራሴ ተኝተው ሳሉ ለክቼ ቁጥሩን ከዚህ በታች ጽፌልሻለሁ።

ፎቶግራፉ ውስጥ ያለው ነው። ልጆቹን የያዘችው ረዲያ ናት። ሣህሊቱ ፎቶግራፍ አልነሣም ስላለች ነው። ማሚቱ እንደምታይው እዚያም ላይ ተኝታለች።

የጠየቅሽኝን በሚመለከት፣ ሣህሊቱ ምን ትላለች? እናታችን ስትናዘዝ እዚያው ነበረች። የቤቴን ነገር ለኔ ተዪልኝ።

አሁን ትልቁ ጉዳይ ሊብሬው ነው። መኪናዋ በይልቃል ስም ከገባች፣ እናንተ ስትሄዱ እኔ ባለቤት ነኝ ብዬ ልሠራባት አልችልም። ስለዚህ ሊብሬው ከመጀመሪያው በኔ ስም ይውጣ። የመዝገብ ቤቱን ሥራ ለመልቀቅ ማመልከቻ አስገብቻለሁና ነገሩ እንዳይጓተት።

ወንድምሽ ጎበዜ

*

ጎተቦርግ፣ ግንቦት 3 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለጋሼ ጎበዜ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ፎቶግራፉን አልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ። የረዲያን ፊት ሁልጊዜ ስለማይ ዘመዴ መስላኛለች።

ስቴሽን ዋገኗን ገዛናት። ነጭ ናት። ሁለቱን ወንበሮች አስገብቼ ቀበቶውን በአሻንጉሊት ሞከርኩት፤ በሩ ሳይነካቸው ይዘጋል፣ መሐል ላይ እኔ እጄን ዘርግቼ ሁለቱንም እደርስባቸዋለሁ። ወንበሮቹም እንዳሉት ተፈትተው ይወጣሉ። ባለፈው ሳምንት መርከብ ላይ ተጫነች። የስዊዝ ቦይ ከተዘጋ ወዲህ መርከቡ አፍሪካን በሙሉ ዞሮ ስለሚሄድ ጅቡቲ የሚደርሰው ሐምሌ ላይ ነው። ከዚያ በባቡር ድሬዳዋ ትገባለች፤ እኛም በአውሮፕላን መጥተን ተረክበን፣ በነሐሴ መጀመሪያ በርዎ ላይ ነን።

ሊብሬውን በርስዎ ስም ይሁን ብለናል። ይህን ስንወስን ይልቃል ብዕሩን አስቀምጦ፣ «አይናዲስ፣ እኛ ልንገዛ ነው እንዴ የምንሄደው?» አለኝ። መኪናውን ነው ወይ አልኩት። ብዕሩን መልሶ አነሣና ስምዎን ጻፈ። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩትም።

ልጆቹ ወደዚህ ለመግባት የጉዲፈቻ ውል ያስፈልጋል፤ አባትም እናትም መፈረም አለባቸው። ለጥያቄዬ መልስ ስላልሰጡኝ፣ ሣህሊቱ በውሉ ላይ የምታኖረውን ምልክት እንደ መልሷ እቆጥረዋለሁ።

ሌሊት ፈረቃ ስወጣ ባዶ ቤት መግባት ሰልችቶኛል፣ ጋሼ። ሁለት አልጋ አነጥፌያለሁ።

እህትዎ አይናዲስ

*

አሰበ ተፈሪ፣ ሰኔ 18 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአይናዲስ፤

በሰላም ያምጣችሁ። ውሉ ተጽፎ አልቋል። እኔ ፈርሜያለሁ፣ ሣህሊቱም አውራ ጣቷን አትማለች። እንግዲህ ልብሽ ይረፍ።

ሥራዬን ለቅቄያለሁ። አብዶ እየመጣ ግቢያችንን በእርምጃ ይለካል፤ መኪናዋ የምታድርበትን ቦታ አጥረንላታል። ያልጠየቀ ሰው የለም። ረዲያ እንኳ «ከመቀመጫው አንዱን ለኔ» ብላለች። ሣህሊቱ ብቻ ዝም ናት፤ እንደምታውቂው ድሮም ወሬ አታበዛም።

የፊት መስተዋት መጥረጊያ ጎማ ትርፍ ያዙ።

ወንድምሽ ጎበዜ

*

ጎተቦርግ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለጋሼ ጎበዜ፤

በሰላም ገብተናል። የሸኛችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈል።

ዝም ብዬ ልቀር ነበር፤ አልቻልኩም። ከቤትዎ የተነሣን ለት እርስዎ ከይልቃልና ከአብዶ ጋር ፊት ነበሩ፤ ከኋላ የሆነውን አላዩም። ስለዚህ እነግርዎታለሁ።

ሣህሊቱ ኃይለየሱስን አዝላ፣ መቀነቷን ሦስት ጊዜ አዙራ አሥራ በሩ ላይ ስትቆም አይተዋታል። አልጮኸች፣ አልተራገመች። ያን መቀነት ልፍታ ያለ ሰው አልነበረም፣ እርስዎም ጭምር። «ጊዜ የለም፣ አንዷን ይዛችሁ ሂዱ፤ የእናታችንም ቃል አንድ ነበር» ያሉኝ ያኔ ነው። ማሚቱ መደብ ላይ ተኝታ ነበር። ስለተኛች ነው እሷ የተመረጠችው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። እኔም በእንቅልፏ አንሥቼ ወንበሩ ላይ አሰርኳት።

መኪናው ሲነሣ ነቃች። ወንበሩ ወደ ኋላ የሚያይ ነው፤ እኔው ሜትር ይዤ የመረጥኩት ነው። የኋላው መስተዋት ደግሞ እስከ ታች ነው። ሣህሊቱ ትንሽ ተከተለችን፤ ከዚያ ቆመች። ልጅቷ ቀጥ ብላ ስታያት፣ እናትየዋም ስታያት፣ ሁለቱም ሳያለቅሱ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ። መንገዱ ታጥፎ ሣህሊቱ ስትጠፋ ነው ማሚቱ የጮኸችው። ሚኤሶ ደርሰንም አላቆመችም። አጠገቧ ነበርኩ፤ እጄን ዘርግቼ እደርስባታለሁ ያልኩት እውነት ነው፣ ደርሼባታለሁ። እሷ ግን እኔን አላየችኝም። በሌላኛው ወንበር ላይ ሻንጣ አስቀምጬ ነበር፣ ባዶውን ላለማየት።

እዚህ ከመጣች ወዲህ ብዙ አትናገርም። እኔን «እትዬ» ነው የምትለኝ፤ ከማን እንደሰማችው አላውቅም። ሣህሊቱ ለማስተኛት ምን እንደምትልላት ጠይቀው ቢጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

አይናዲስ

*

አሰበ ተፈሪ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአይናዲስ፤

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዋ በጣም ደህና ናት! ዘጠኝ ሰው ጭና ገለምሶን ወጥታ ስትወርድ ጉልበቷ አይታወቅም። ሁለቱን የልጅ ወንበር ፈትቼ አውጥቼ፣ አናጢ ጥሩ አግዳሚ ሠርቶላታል። ፖርቶመጋላው ላይ ቡናና ጫት እንጭናለን። አብዶ ላንድሮቨሩን ትቶ ይቺን ነው የሚነዳልኝ። አቧራ እየገባ አስቸግሯልና የሚከተሉትን ዕቃዎች ብትልኩልኝ፦ የአየር ማጣሪያ ሁለት፣ የኋላ ፍሬን ሸራ አንድ ሙሉ፣ የፊት መብራት አንድ፤ አንዱን ሚኤሶ ላይ ፍየል ሰብሮብናል።

ሣህሊቱ እስካሁን እግሯን መኪናዋ ውስጥ አላስገባችም። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ኃይለየሱስን አዝላ፣ ዘንቢል ተሸክማ ስትመጣ መንገድ ላይ አገኘናት። አብዶ አቁሞ በሩን ከፈተላትና «ግቢ እንጂ፣ የራስሽ አይደለም እንዴ!» አላት። መኪናውን እንደ ግድግዳ ቆጥራ በጎኑ አልፋ ሄደች። መንገደኞቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ?

ለማስተኛት የምትለውን ጠይቄያት ነበር። «አላስታውስም» አለች። ማሚቱን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ጎበዜ

*

አሰበ ተፈሪ፣ የካቲት 6 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለአይናዲስ፤

እኔ ሣህሊቱ ነኝ። የሚጽፍልኝ ፍርድ ቤቱ በር ላይ አቤቱታ የሚጽፈው አቶ አምባው ነው። እሱ «አንቱ» ሊልሽ ነበር፤ «አንቺ በላት» አልኩት። ጎበዜ አያውቅም። ገለምሶ ነው።

የጻፍሻቸውን ደብዳቤዎች ከሣጥኑ አውጥቼ አምባውን አስነበብኩት። «ሣህሊቱን ይጠይቋት» ያልሽውን የሰማሁት አሁን ነው። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው አለኝ። ማንም አልጠየቀኝም። እየመሸብኝም ቢሆን እመልስልሻለሁ።

አልሰጠሁም።

አማቴ የተናገረችውን ሰምቻለሁ። እግሯ በእጄ ላይ እየቀዘቀዘ ነበር። ያኔ «አይሆንም» ልበላት? ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ይመጣል፣ ይጠይቁኛል፣ ያን ጊዜ እናገራለሁ ብዬ ጠበቅኩ። ሽማግሌ አልመጣም፤ መኪና መጣ።

አውራ ጣቴን ያተምኩት ጎበዜ «የመኪናዋ ሊብሬ ነው፣ ሚስት መመስከር አለባት» ብሎኝ ነው። አምባው አሁን እንደነገረኝ ሊብሬ ላይ ሚስት አታትምም። ውሉን አላነበቡልኝም። ማንበብ አልችልም።

አንቺን ልጅ አጥተሻል ብዬ አዝንልሽ ነበር። ነጋሽን ስወልድ እኔ እንኳ ሳልነሣ አንቺ ነሽ ያጠብሽልኝ፤ አልረሳሁትም። ልጅ ማለት ምን እንደሆነ የማታውቂ ብትሆኚ እምርሽ ነበር።

ኃይለየሱስ አሁንም ሲተኛ ለሷ ቦታ ይተዋል። ግድግዳውን ተጠግቶ ነው የሚተኛው።

ማሚቱን መልሺልኝ። የመሳፈሪያዋ ብዙ እንደሆነ ነግረውኛል፤ መኪናው ይሸጥ፣ እኔ አልቀመጥኩበትም። አዲስ አበባ ካደረሳችኋት ባቡር ላይ አስቀምጡልኝ፤ ሚኤሶ ጣቢያ ድረስ በእግሬ ሄጄ እቀበላታለሁ። ቀኑን ብቻ ጻፊልኝ። ለአምባው አድርጊው፣ በጎበዜ ስም አይሁን።

ሣህሊቱ

*

ጎተቦርግ፣ ሰኔ 11 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለሣህሊቱ፣ በአቶ አምባው በኩል፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ነጋሽና ኃይለየሱስስ? እኛ በጣም ደህና ነን።

ደብዳቤሽ በመጋቢት ደርሶኛል። ወዲያው ልመልስልሽ ነበር፤ ሆስፒታሉ ሥራ በዛ፣ ከዚያ ማሚቱን ጉንፋን ያዛት፣ ከዚያ ፋሲካ ሆነ። እንዲሁ ስል ጊዜው አለፈ።

ጎበዜ በጣትሽ ላይ ያደረገውን ሳነብ በጣም አዘንኩ። ያን ሥራ እኔ አላዘዝኩትም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ጠይቋት ብዬ የጻፍኩትም ከልቤ ነበር። ግን እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ፣ እሺ የምትዪ መስሎኝ ነበር የጠየቅኩት።

አሁን እንዳልልካት ልጅ ብቻውን በአውሮፕላን አይሄድም፤ እኔም እስከ ከርሞ ፈቃድ የለኝም። ከርሞ ደግሞ የሕፃናት መዋያ ተመዝግባለች፣ ቦታውን ያገኘነው በመከራ ነው። ሐኪሟም ከለመደችው ባትነቃነቅ ይሻላል ብሏል። ቋንቋውን ይዛዋለች፤ ከኛ ይልቅ ከጎረቤት ልጆች ጋር ነው የምታወራው። ባለፈው እሑድ ወተት ቀድቼ ስሰጣት «እማዬ» አለችኝ። እኔ አላስተማርኳትም። ብርጭቆውን አስቀምጬ ወጥቼ በር ላይ ቆየሁ።

ለኃይለየሱስ ሹራብና ጫማ ልኬለታለሁ፤ ቁጥሩን በማሚቱ ልክ ነው የገዛሁት። ጎበዜ የጠየቀው የፍሬን ሸራም አብሮ አለበት።

ይህን ደብዳቤሽን ለይልቃል አላሳየሁትም። ቢያየው ምን እንደሚል አውቃለሁ።

ማሚቱ የራሷ ክፍል እንዲኖራት ቤት ልንቀይር ነው። ከሐምሌ ጀምሮ በዚህ አድራሻ አትጻፉ፤ አዲሱን ስናውቀው እናሳውቃችኋለን።

አይናዲስ